ስሊፐር ኦርኪድ፦ ችኮላ የማይወድ አበባና ሰብሳቢዎቹ

አልፎ አልፎ እንዲህ ያለ ዜና ይሰማል። የአንድ መንገደኛ ሻንጣ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ተፈተሸ። ውስጡ በእርጥብ ወረቀት የተጠቀለሉ ተክሎች ተገኙ። ተክሎቹ ተወረሱ፣ ባለሻንጣውም ተያዘ። አንባቢው "ለአበባ ብሎ ሰው ይታሰራል እንዴ?" ብሎ ያልፈዋል። አዎ፣ ይታሰራል። አበባው ስሊፐር ኦርኪድ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ዋዛ አይደለም።

ይኸው ተክል በብዙ ሰው ቤት መስኮት ዳር በሰላም ተቀምጧል። በየዓመቱ ያብባል፣ ፖሊስም ጉምሩክም አይጠይቀውም። ታዲያ አንዱን ወንጀል፣ ሌላውን የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ያደረገው ምንድን ነው? መልሱ ከተክሉ አፈጣጠር ይጀምራል። ስሊፐር ኦርኪድ በነገሩ ሁሉ ዝግ ያለ ነው። ዝግ ብሎ ይበቅላል፣ ዝግ ብሎ ይራባል። ዋጋውም፣ ሕጉም፣ አያያዙም ከዚህ የሚመጣ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ለመሆኑ የትኛው ነው እሱ?

ኦርኪድ እጅግ ሰፊ ቤተሰብ ነው። ከ25,000 በላይ ዝርያ አለው። አብዛኛው ሰው የሚያውቀው በየሆቴሉ እንግዳ መቀበያ ላይ የሚቀመጠውን፣ ረጅም ዘንግ ላይ ነጭ ወይም ሮዝ አበባ የሚደረድረውን ፋሌኖፕሲስን ነው። ስሊፐር ኦርኪድ ከዚህ ሰፊ ቤተሰብ የተለየ ትንሽ ቅርንጫፍ ነው። መለያው ቀላል ነው። ከአበባው ቅጠሎች የታችኛው ተጠቅልሎ ከረጢት ሆኗል። ከፊት ሲያዩት የነጠላ ጫማ አፍንጫ ይመስላል፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው።

ቅርንጫፉ አምስት ወገን አለው። አንደኛው ሳይፕሪፔዲየም የቀዝቃዛ አገር ተክል ነው፤ በረዶ ሥር ይከርማል። ሜክሲፔዲየምና ሴሌኒፔዲየም የሚባሉትን ከጥቂት ጽኑ አፍቃሪዎች በቀር ቤቱ የሚያሳድግ የለም። የሞቃታማ አገር ስሊፐር ሲባል በአብዛኛው የሚታሰቡት ሁለቱ ናቸው፦ ፓፊዮፔዲለም እና ፍራግሚፔዲየም። ስማቸው ስለሚረዝም ሰብሳቢዎች "ፓፍ" እና "ፍራግ" ይሏቸዋል። እኛም እንደዚያው እንበላቸው።

ፓፍ የእስያ ነው። ከህንድና ከደቡብ ቻይና ተነስቶ በቬትናም፣ በታይላንድ፣ በቦርኒዮና በፊሊፒንስ አድርጎ እስከ ኒው ጊኒና ሰለሞን ደሴቶች ይደርሳል። ፍራግ የአሜሪካ አህጉር ነው፤ ከደቡብ ሜክሲኮ እስከ ቦሊቪያና ብራዚል ይገኛል። አብዛኞቹ የሚበቅሉት ጫካ ውስጥ በረገፈ ቅጠል ላይ፣ ወይም በኖራ ድንጋይ ገደል ስንጥቅ ውስጥ ነው። ዛፍ ላይ የሚወጡም አሉ።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልብ በሉ። ብዙ ኦርኪዶች ከሥራቸው ውኃ የሚያጠራቅሙበት የወፈረ ግንድ አላቸው። ፓፍና ፍራግ ይህ የላቸውም። ስንቅ አይቋጥሩም። ስለ ውኃ ስናወራ ወደዚህ እንመለሳለን።

ከረጢቱ ለምን ይጠቅማል?

ለማታለል። ከረጢቱ ወጥመድ ነው፤ ግን የሚገድል ወጥመድ አይደለም።

አበባውን ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱት። ከላይ አንድ ሰፊ ቅጠል እንደ ጥላ ቆሟል። ግራና ቀኝ ሁለት ቅጠሎች ተዘርግተዋል፤ ብዙ ጊዜ ጠርዛቸው ላይ ፀጉርና ጥቁር ነጠብጣብ አለ። መሐል ላይ፣ ልክ ከከረጢቱ አፍ በላይ፣ የሚያብለጨልጭ ትንሽ ጋሻ የመሰለ ነገር ይታያል። ነፍሳቱን የሚስበው በአብዛኛው እሱ ነው። ዝንቧ ልታርፍበት ትመጣለች፣ እግሯ ይንሸራተታል፣ ከረጢቱ ውስጥ ትወድቃለች።

የከረጢቱ ጠርዝ ወደ ውስጥ የታጠፈ ነው፤ ግድግዳውም ያንሸራትታል። በገባችበት መውጣት አትችልም። በጀርባ በኩል ግን የፀጉር መሰላል ተዘርግቶላታል። በዚያ እየቧጠጠች ትወጣለች። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ጀርባዋ ጣሪያውን እየታከከ ነው የምታልፈው። መጀመሪያ የምታገኘው የአበባውን ሴቴ አካል ነው። ከሌላ አበባ ያመጣችው የወንዴ ብናኝ ካለ እዚያ ይቀራል። ቀጥሎ በመውጫው ቀዳዳ ስትሾልክ የዚህኛው አበባ ብናኝ እንደ ሙጫ ጀርባዋ ላይ ይለጠፋል። ቅደም ተከተሉን አያችሁት? የመጣው ይራገፋል፣ ከዚያ አዲስ ይጫናል። አበባው በራሱ ብናኝ እንዳይዳቀል የተደረገ ብልሃት ነው። ቻርለስ ዳርዊን 1862 ላይ ስለ ኦርኪድ በጻፈው መጽሐፍ ስሊፐሮችንም መርምሯል።

ለዚህ ሁሉ ድካም ዝንቧ የምታገኘው ክፍያ የለም። ፓፍ ማር አይሰጥም። የባሰም አለ። በቦርኒዮ ደሴት ኪናባሉ ተራራ ላይ የሚበቅለው ፓፍ ሮትሽልዲያነም የሚያታልለው አየር ላይ ቀጥ ብላ የምታንዣብበውን የዝንብ ዓይነት ነው። የዚህች ዝንብ እጮች የሚበሉት ክሽክሽ የሚባለውን፣ ተክል ላይ በመንጋ የሚሰፍረውን ጥቃቅን ተባይ ነው። ዝንቧም የአበባውን ፀጉራም ጋሻ የክሽክሽ መንጋ መስሏት እንቁላሏን እዚያ ላይ ትጥላለች። እጮቹ ቢፈለፈሉ የሚበሉት ነገር የለም። አበባው ግን የፈለገውን አግኝቷል።

ለምን ይወደዳል?

እዚህ ላይ ነው ዝግታው የሚመጣው። ፋሌኖፕሲስ በየሱቁ የረከሰው ላቦራቶሪ ውስጥ ስለሚባዛ ነው። ከአንድ ጥሩ ተክል ትንሽ ቁራጭ ይወሰዳል፣ ጠርሙስ ውስጥ ይራባል፣ በሺህ የሚቆጠሩ ልክ እናታቸውን የሚመስሉ ችግኞች ይወጣሉ። ስሊፐር ኦርኪድ ለዚህ አይመችም። ብዙ ተሞክሯል፤ ሆኖም ንግዱን የቀየረ ውጤት አልመጣም። ስለዚህ አንድ ስሊፐር የሚበዛው በሁለት መንገድ ብቻ ነው፦ ወይ ሲያድግ ተከፍሎ፣ ወይ ከዘር።

መክፈል ማለት የበዛውን ተክል ቆርጦ ለሁለት ማድረግ ነው። ተክሉ ለዚያ እስኪበቃ ግን ዓመታት ይፈጃል። አንድ ባለሽልማት ተክል በዚህ መንገድ አሥር ሰው ቤት እስኪደርስ ባለቤቱ ሊያረጅ ይችላል።

ዘሩስ? የኦርኪድ ዘር አቧራ ነው። አንድ ፍሬ ውስጥ በሺዎች ይቆጠራል፤ እፍ ቢሉት ይበናል። ችግሩ ዘሩ ውስጥ ምግብ የለም። ባቄላ ሲበቅል የሚበላውን ስንቅ ይዞ ይወለዳል፤ የኦርኪድ ዘር ግን ባዶ እጁን ነው። ዱር ውስጥ የሚበቅለው የሚመግበው ፈንገስ ሲያገኝ ብቻ ነው፤ ከሺህ አንዱም አይሳካለት። 1922 ላይ ሉዊስ ክኑድሰን የተባለ አሜሪካዊ የዕፅዋት ተመራማሪ፣ ስኳርና ማዕድን ባለበት የረጋ ምግብ ላይ ዘሩን ያለ ፈንገስ ማብቀል እንደሚቻል አሳየ። የዛሬው የኦርኪድ እርባታ በሙሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

ያም ሆኖ ጊዜ ይወስዳል። ዘሩ ከተዘራ በኋላ ችግኙ ከጠርሙስ እስኪወጣ ብቻ ዓመት ያልፋል፤ ሁለት የሚሆንበትም አለ። ፈጣን የሚባሉት ድቅሎች ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመት ጠብቀው ያብባሉ። ሮትሽልዲያነም ግን ከዘር እስከ አበባ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ሊፈልግ ይችላል። በዚያ ላይ ከአንድ ፍሬ የወጡ ችግኞች እርስ በርሳቸው አይመሳሰሉም። ወንድማማች ናቸው፤ አንዱ ያማረ፣ አንዱ ተራ ይሆናል። የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ሲያብብ ነው። ሻጩ አሥር ዓመት ውኃ ያጠጣው ተክል ሲያብብ አንገቱን ያጣመመ ሊሆን ይችላል። ዋጋው ውስጥ ይህ ሁሉ አለ።

የፓፍ ዴሌናቲ ታሪክ ዝግታውን በደንብ ያሳያል። ይህ ሮዝ አበባ ያለው፣ ብዙ ጊዜ ደስ የሚል ሽታ የሚሰጥ ተክል በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ከቬትናም ወደ ፈረንሳይ ተወሰደ። ከመጡት ጥቂቶች አብዛኞቹ ሞቱ። አንድ የፈረንሳይ የኦርኪድ አሳዳጊ ቤት ግን አንዷን ይዞ ቆየ፣ በራሷ ብናኝ እያዳቀለ ዘር አወጣ። ለአሥርት ዓመታት በዓለም ላይ በየቤቱ የነበረው ዴሌናቲ ሁሉ የዚያች ተክል ዘር ነበር ማለት ይቻላል። ዱር ውስጥ ጠፍቷል ተብሎም ነበር። በ1990ዎቹ በደቡብ ቬትናም እንደገና ተገኘ። ሲገኝ የሆነው ደግሞ የሚጠበቀው ነው፤ በኩንታል እየተነቀለ ለገበያ ወጣ።

ሰብሳቢዎች የሚሰበስቡት ምኑን ነው?

ሁለት ዓይነት ሰው አለ። አንዱ ተፈጥሮ እንደሠራቸው ያሉትን ዝርያዎች ይፈልጋል። ሌላው ሰው ያዳቀላቸውን።

የመጀመሪያው ወገን ከታሪኩ ጋር ነው ፍቅር የያዘው። ለምሳሌ ፓፍ ሳንደሪያነም ጎንና ጎን ያሉት ቅጠሎቹ እንደ ጥብጣብ ተጠማዘው እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ይወርዳሉ። 1885 ላይ ተገኝቶ ነበር፤ ከዚያ መገኛው ጠፋ። ሰብሳቢዎች ሥዕሉን ብቻ እያዩ ኖሩ። 1978 ላይ በቦርኒዮ ደሴት በሳራዋክ ግዛት፣ ጉኑንግ ሙሉ በሚባለው የኖራ ድንጋይ ተራራ አካባቢ እንደገና ታየ። ሮትሽልዲያነምም ተመሳሳይ ዕጣ ነበረው። መጀመሪያ መገኛው ኒው ጊኒ ነው ተብሎ ተጻፈ። ፈላጊዎች በተሳሳተ ደሴት ሲባዝኑ ኖሩ፤ ኪናባሉ ላይ በድጋሚ የተገኘው 1959 ላይ ነው።

ሁለተኛው ወገን ድቅል ላይ ነው። የመጀመሪያው የፓፍ ድቅል ሃሪሲያነም በእንግሊዝ አገር ያበበው 1869 ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ በሺዎች የሚቆጠሩ ተመዝግበዋል። መዝገቡን የሚይዘው የእንግሊዝ ንጉሣዊ የአትክልት ማኅበር ነው። ደንቡ ደስ ይላል። ሁለት ወላጆች ተዳቅለው ስም ከወጣላቸው፣ ያንኑ ጥምረት ዓለም ላይ ማንም ሰው መቼም ቢደግመው ልጆቹ ያንኑ ስም ይይዛሉ። በጣም ጥሩ ሆና የወጣች አንዲት ተክል ካለች ደግሞ በጥቅስ ምልክት ውስጥ የራሷን ስም ታገኛለች። ያ የግል ስም የሚተላለፈው ከእሷ ተከፍለው ለሚወጡት ብቻ ነው።

ለዚህ ነው ሰብሳቢ ቤት ስትገቡ እያንዳንዱ መትከያ ላይ ትንሽ የፕላስቲክ ምልክት ተሰክታ የምታዩት። ለማያውቅ ሰው ቆሻሻ ትመስላለች። ያለ እሷ ግን ተክሉ ወላጆቹ የማይታወቁ ልጅ ነው። አበባውን አይቶ ስሙን በእርግጠኝነት መናገር ለባለሙያም ይቸግራል፤ የድቅል ድቅል ከሆነማ አይሞከርም። ልጆች ባሉበት ቤት ምልክቱን ከመትከያው ውጭም መጻፍ ብልህነት ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በመጥፋት ላይ ያሉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠር ስምምነት አለ። በአጭሩ ሳይተስ ይባላል። 1973 ላይ ተፈርሞ 1975 ላይ ሥራ ጀመረ። ስምምነቱ ዝርያዎችን በአባሪዎች ይመድባል። አባሪ አንድ በጣም ጥብቁ ነው፤ ከዱር የመጣን ለንግድ ከአገር አገር ማዘዋወር ይከለክላል። ኦርኪዶች በአብዛኛው አባሪ ሁለት ላይ ናቸው፤ በፈቃድ ይነገዳሉ። ፓፍና ፍራግ ግን ከነዝርያቸው በሙሉ ከ1990 ጀምሮ አባሪ አንድ ላይ ናቸው።

ታዲያ መስኮት ዳር ያለው ተክል እንዴት ሕጋዊ ሆነ? በሰው እጅ የተራባ ተክል በተለየ መንገድ ስለሚታይ ነው። ወላጆቹ በሕጋዊ መንገድ የተገኙ ከሆኑ፣ ከዘር የበቀለው ልጅ በፈቃድ ድንበር ሊሻገር ይችላል። የዕፅዋት ጤና ሰርተፍኬትም ይፈለጋል። ከታሸገ ጠርሙሳቸው ገና ያልወጡ ሕጋዊ ችግኞች ደግሞ ከሳይተስ ፈቃድ ነፃ ናቸው። አገሮች ከዚህ የጠበቀ የራሳቸው ሕግ ሊኖራቸው ስለሚችል ሁለቱንም ወገን መጠየቅ ያስፈልጋል። አገር ውስጥ መግዛትና መሸጥም የየአገሩ ሕግ ጉዳይ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። "ከዘር ስላበቀልኩት የኔ ነው" ይላል። እናትየው በሕገ ወጥ መንገድ የወጣች ከሆነ ግን ልጁም ንጹሕ አይሆንም። ወረቀቱ በዘር ሐረግ ነው የሚወርደው።

የፍራግ ኮቫቺ ጉዳይ ይህን ለዓለም አሳይቷል። 2002 ላይ አንድ አሜሪካዊ በሰሜን ፔሩ መንገድ ዳር ከሚሸጡ ሰዎች አንድ ፍራግ ገዛ። አበባው ደማቅ ሐምራዊ ነበር፤ ወርዱም እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። እንዲህ ያለ ፍራግ ታይቶ አይታወቅም። ሰውየው ያለ ፈቃድ ይዞት ፍሎሪዳ ወደሚገኘው ሜሪ ሰልቢ የዕፅዋት መናፈሻ መጣ። የመናፈሻው ባለሙያዎች ቸኩለው አዲስ ዝርያ ብለው አሳተሙት፤ በሰውየውም ስም ሰየሙት። ፔሩ ጠየቀች፣ የአሜሪካ መንግሥት ከሰሰ። ሰውየውም መናፈሻውም ፍርድ ቤት ጥፋታቸውን አምነው ተቀጡ። ስሙ ግን እንደ ሳይንሱ ደንብ ጸና፤ ሕጉን የጣሰው ሰው ስም ዛሬም አበባው ላይ አለ። በኋላ የፔሩ መንግሥት ለአገሩ አሳዳጊዎች ጥቂት ተክል እንዲያነሱ ፈቀደና ሕጋዊ ዘር ተገኘ። እስከዚያ ድረስ ግን የታወቁት የዱር ቦታዎች በዘራፊ ተራቁተው ነበር።

ፓፍ ቬትናሜንስም እንዲሁ ነው። 1999 ላይ ለሳይንስ ተዋወቀ። በሰሜን ቬትናም ጠባብ ቦታ ላይ ብቻ የነበረ ነው። ዜናው በወጣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከዱር ጠፋ ለማለት የሚያስደፍር ደረጃ ላይ ደረሰ። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት 2015 ላይ የሞቃታማ እስያ ስሊፐሮችን መርምሮ 99 በመቶዎቹ የመጥፋት አደጋ ላይ ናቸው ብሏል። አሥር ዓመት ጠብቆ የሚያብብ ተክል በአንድ ቀን ሲነቀል በምን ፍጥነት ይተካል? ለዚህ ነው ተመራማሪዎች አዲስ ዝርያ ሲያገኙ ትክክለኛ ቦታውን መጻፍ የሚፈሩት። እኔም እውነት አላቸው እላለሁ።

ቤት ውስጥ ማሳደግ ይከብዳል ወይ?

ወሬው እንደሚለው አይከብድም። ስሊፐርን የሚገድለው ከእንክብካቤ ማነስ ይልቅ የእንክብካቤ መብዛት ነው።

ብርሃን፦ ፓፍ የጫካ ጥላ ልጅ ስለሆነ ብዙ ፀሐይ አይፈልግም። የጠዋት ፀሐይ የሚነካው መስኮት ወይም ስስ መጋረጃ ያለበት ቦታ ይበቃዋል። ቅጠሉ ወደ ቢጫ ካደላ በዝቶበታል፤ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ከተልፈሰፈሰ አንሶታል። ረጃጅም ቅጠል ያላቸውና በአንድ ዘንግ ብዙ አበባ የሚያወጡት፣ እንደ ሮትሽልዲያነም ያሉት፣ ጨመር ያለ ብርሃን ይፈልጋሉ። ፍራግም እንዲሁ።

ሙቀት፦ በጥቅሉ ቅጠላቸው ዝንጉርጉር የሆኑት ሞቅ ያለ ቤት ይወዳሉ፤ ሌሊት ከ16 ዲግሪ ባይወርድ ጥሩ ነው። ቅጠላቸው አንድ ወጥ አረንጓዴ የሆኑት ብዙዎቹ ቀዝቀዝ ያለ ሌሊት ይመቻቸዋል፤ አንዳንዶቹ ያለ እሱ አያብቡም። ሰው ቀለል ባለ ልብስ የሚመቸው ክፍል ለአብዛኞቹ ይመቻል።

ውኃ፦ እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ብዙው ተክል የሚያልቀው በውኃ ነውና። ስንቅ አይቋጥሩም ብለን ነበር። ስለዚህ ፓፍ ጨርሶ መድረቅ የለበትም። ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ መዋልም የለበትም። እርጥብ ሆኖ አየር የሚያገኝ ሥር ነው የሚፈልገው። አፈር ይህን አይሰጥም፤ ስለዚህ በአፈር አይተከልም። የሚተከልበት የደቀቀ የዛፍ ቅርፊት ነው፤ ፐርላይት የሚባለው ቀላል ነጭ ጠጠርና ከሰል ይጨመርበታል። ውኃ ስታጠጡ ከታች እስኪወጣ አጠጡ፣ ከዚያ አንጠፍጥፉ። ላይ ላዩ መድረቅ ሲጀምር ድገሙ። ከቅጠሎቹ መሐል ውኃ ተቋጥሮ እንዳያድር ጠዋት ማጠጣት ይመረጣል፤ እዚያ ላይ ያደረ ውኃ ልቡን ያበሰብሰዋል።

የዝናብ ውኃ ከተገኘ ሌላ አትፈልጉ። የቧንቧ ውኃ ጨው ከበዛበት የቅጠሉ ጫፍ ቡናማ ሆኖ ይደርቃል። ማዳበሪያም በውኃ ቀጥኖ ይሰጥ፤ እሽጉ ላይ ከተጻፈው መጠን ሩብ ያህል ይበቃል። በመሐል በመሐል ደግሞ በንጹሕ ውኃ ብቻ ይታጠብ።

ፍራግ ግን ሌላ ባሕርይ አለው። ብዙዎቹ ውኃ በሚንጠባጠብበት ገደልና በወንዝ ዳር ነው የሚበቅሉት። 1981 ላይ የተገኘው ቀዩ ፍራግ ቤሴ አንዱ ነው። ሰብሳቢዎች ፍራግን ትንሽ ውኃ በያዘ ሳህን ላይ ያስቀምጡታል። ሌላውን ኦርኪድ የሚገድል ነገር እሱን ያወፍረዋል። ጨው ያለው ውኃ ግን ከፓፍ ይበልጥ ይጎዳዋል።

መትከያ መቀየር፦ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህን ነው። ቅርፊቱ ከጊዜ በኋላ ይበሰብሳል፣ ይደቃል፣ አየር ያሳጣል። በዓመት፣ ቢዘገይ በሁለት ዓመት፣ መቀየር አለበት። ተክሉን ስታወጡት አሽትቱ። ደህናው ቅርፊት ዝናብ የመታው ጫካ ይሸታል፤ ያረጀው ይጎመዝዛል። ጤነኛ ሥር ቡናማና ፀጉራም ነው፣ ጫፉ ነጣ ያለ፤ በጣት ሲጫኑት ጥንክር ይላል። የሞተው ባዶ ሆኖ ልጣጩ ብቻ ይቀራል። ፓፍ ብዙ ሥር የለውም፤ የተሰበረውንም ቶሎ አይተካም። ስለዚህ ሥሩ ላይ የተጣበቀውን ቅርፊት በግድ አታላቅቁ። ስትተክሉት የቅጠሎቹ መነሻ ከቅርፊቱ ወለል ትንሽ ዝቅ ይበል፤ አዲስ ሥር የሚወጣው ከዚያ ስለሆነ እርጥበት ካላገኘ ደርቆ ይቀራል። መትከያውም ጠበብ ያለ ይሁን።

አበባው ረገፈ፤ ተክሉ ሞተ ማለት ነው?

አይደለም። ሙዝን አስቡት። አንድ የሙዝ ግንድ አንዴ አፍርቶ ያበቃል፤ ከጎኑ ግን ልጆቹ ወጥተው ይተካሉ። ስሊፐርም እንደዚያው ነው። አንድ የቅጠል ስብስብ አንዴ ብቻ ያብባል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይከስማል። ከጎኑ ደግሞ አዲስ ቡቃያ ይመጣል። ያበበውን ክፍል ቶሎ አትቁረጡት፤ ልጁን እየመገበ ነውና ቢጫ እስኪሆን ይቆይ።

አበባው ራሱ ታጋሽ ነው። የፓፍ አበባ ወር፣ ሁለት ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። ከአንድ ዘንግ አንዱ ሲረግፍ ሌላ እያወጡ ከዓመት በላይ የሚዘልቁ ዓይነቶችም አሉ። የፍራግ አበባ ግን ያስደነግጣል። ሳይጠወልግ፣ ሳይደበዝዝ፣ አንድ ቀን ጠዋት ጠረጴዛ ላይ ወድቆ ይገኛል። ጠባዩ ነው፤ የናንተ ጥፋት አይደለም።

ተክሉ በዝቶ ልክፈለው ካላችሁ እያንዳንዱ ክፍል ቢያንስ ሦስት የቅጠል ስብስብ ይኑረው። ነጠላ ነጠላ አድርጎ የከፈለ ሰው ብዙ መትከያ ያገኛል፤ አበባ ግን ለዓመታት አያይም።

ልግዛ ብል ምን ልጠይቅ?

መጀመሪያ፦ ከየት መጣ? ከዘር የተራባ ከሆነ ሻጩ ወላጆቹን ይነግራችኋል፣ ምልክቱ ላይም ተጽፏል። ከውጭ የገባ ከሆነ ወረቀት አለው። "ወረቀት ምን ያደርግልሃል፣ ዋናው ተክሉ ነው" የሚል ሻጭ ከገጠማችሁ አመስግናችሁ ሂዱ።

ተክሉ ራሱም ይናገራል። ከዱር የተነቀለ ስሊፐር ቅጠሉ የተበሳሳና የቆሰለ፣ ሥሩ ወደ አንድ ጎን የተጠማዘዘና የተቆራረጠ ነው። ብዙ ጊዜ መትከያ የለውም፤ በእቅፍ ነው የሚሸጠው። በመትከያ ያደገው ቅጠሉ ንጹሕና የተስተካከለ፣ ሥሩም የመትከያውን ቅርጽ የያዘ ነው። ብርቅ የተባለ ዝርያ ትልቅ ሆኖ፣ በብዛት፣ በርካሽ ከቀረበላችሁ ደግሞ የሆነ ቦታ አንድ ገደል ተራቁቷል ማለት ነው። ሕጉ ይቅርና ለራሳችሁም አይበጅም፤ ሥሩ የተጎዳ የዱር ተክል ብዙ ጊዜ ከርሞ አያድርም።

ለጀማሪ የትኛው? ዝንጉርጉር ቅጠል ያላቸው፣ ሰብሳቢዎች የሞዲ ወገን የሚሏቸው ድቅሎች። ሞዲ 1900 ላይ የተመዘገበ አሮጌ ድቅል ነው፤ ከእሱና ከዘመዶቹ የወጡት የቤት ውስጥ አየር ይችላሉ፣ ትንሽ ብርሃን ይበቃቸዋል፣ ቅጠላቸው ያለ አበባም ያምራል። የሚያብብበት ዕድሜ ላይ የደረሰ አንድ ተክል ግዙ እንጂ ርካሽ ነው ብላችሁ በችግኝ አትጀምሩ። ሮትሽልዲያነም ካማራችሁ ግን በተቃራኒው ነው፤ ትልቁ ኪስ ይጎዳል። ሕጋዊ ችግኝ ፈልጉና ዛሬውኑ ትከሉት፣ ሌሎቹን እያያችሁ እሱ በራሱ ጊዜ ይደርሳል።